ከግርጌው ቆማ ትጠራዋለች

አሜሪካ ያለችው ነርሷ እህታችሁ የምትሠራው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ውስጥ ከሆነ፣ ስትደውሉላት ስለ ሌሊት ተረኝነቷ ጠይቋት። የተኛውን የቬትናም ዘማች ትከሻውን ነክታ አትቀሰቅሰውም፤ ከግርጌው ራቅ ብላ ቆማ በስሙ ትጠራዋለች። በድንገት ከነኩት ገና ሳይነቃ እጁን ሊሰነዝር ይችላል። ሳይጎን ከወደቀች 50 ዓመት አልፏል፤ ሰውየው ሲተኛ ግን አሁንም እዚያው ነው።

እኛ የማርኬቲንግ ሰዎች «ደንበኛህን እወቅ» ስንል ዕድሜና ገቢ መመዝገባችን ነው። እሷ የትና መቼ እንደዘመተ ትጠይቃለች፤ ቬትናም ላይ የተረጨው ኤጀንት ኦሬንጅ የተባለው ፀረ አረም ከስኳር በሽታ ጋር ሳይቀር ይያያዛልና። ኮሪያ የዘመተ ሽማግሌ ከገጠማት ደግሞ ጠያቂው እሱ ይሆናል። የቃኘው ሻለቃ ልጆች ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ነው የተዋጉት። «ኢትዮጵያዊት ነሽ?» ካላት፣ መርፌው ትንሽ ይቆያል።