ዝምተኛው ልጅዎ ከማን ጋር ይጫወታል?

ልጅዎ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚደበቅ፣ ሰላም ሲሉት መሬት መሬቱን የሚያይ ከሆነ ጎረቤት ምን እንደሚልዎ እናውቃለን። ወንድ ከሆነ «ይኸ ልጅ ምን ነካው?» ይባላል። ሴት ከሆነች ደግሞ «ጨዋ ልጅ አሳድገሻል» ተብለው ይመሰገናሉ። ዝምታው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ለአንዱ ነውር፣ ለሌላዋ ጌጥ ይሆናል። ጓደኛ ማጣቱ ግን ሁለቱንም እኩል ያማል። በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ዓይን አፋር ልጅ በጨዋታ፣ በተለይም ወጣቶች በእጅ ስልካቸው ላይ በኢንተርኔት ተገናኝተው በቡድን በሚጫወቱት ጨዋታ፣ እንዴት ወዳጅ ሊያፈራ እንደሚችል ነው።

የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን አርብ ገበያን ያስቡ። እንደ ሌሎቹ የወረዳ ከተሞች ሁሉ፣ ከገጠር ቀበሌ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚመጣ ልጅ ቤት ተከራይቶ፣ ከወላጆቹ በሚላክለት ስንቅ ራሱን እያስተዳደረ ይማራል። እናት ወይም አባት ለገበያ ሲወጡ እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ በርበሬውን ያደርሱለታል። ይህ ልጅ በትውልድ ቀበሌው ሳለ መናገር ብዙም አላስፈለገውም፤ አብሮት ከብት ያገደው ሁሉ ከነአያቱ ያውቀዋል። ከተማ ሲገባ ግን «እኔ እገሌ እባላለሁ» ብሎ መጀመር አለበት። ዓይን አፋሩ የሚቸገረው እዚህች ላይ ነው። ወላጅ ስንቁ ማለቅ አለማለቁን ይጠይቃል፤ ልጁ ከማን ጋር እንደሚበላው ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ዓይን አፋር ሰው መናገር የማይችል ሰው አይደለም። የሚከብደው ሰው ሁሉ ፊቱን እያየው፣ ያለ ምክንያት ንግግር መጀመር ነው። ጨዋታ ምክንያቱን ይሰጠዋል። በቡሄ ሆያ ሆዬ ሲጨፈር ልብ ብለው አይተው ከሆነ፣ ድምፁ የማይሰማውን ልጅ አውራጅ ሁን የሚለው የለም፤ ከተቀባዮቹ መካከል ቆሞ በትሩን መሬት እየመታ ይቀበላል። ሴቶች ልጆች ቅልልቦሽ ሲጫወቱም ዓይን ሁሉ ያለው ጠጠሩ ላይ እንጂ የልጅቱ ፊት ላይ አይደለም። «ነካሽ»፣ «አልነካሁም» የሚል ክርክር ሲነሣ ያቺ ዝምተኛ ሳታስበው ትናገራለች። እንዲያውም ጮክ ብላ ነው የምትናገረው!

የስልኩ ጨዋታም ሥራው ይኸው ነው። ፐብጂ ወይም ፍሪ ፋየር በሚባሉት ጨዋታዎች አራት ሆነው አንድ ቡድን ይመሠርታሉ። ከአራቱ አንዱ ዝም ካለ ቡድኑ ይሸነፋልና «ከቤቱ ጀርባ ሰው አለ»፣ «እኔ ልሸፍንህ፣ አንተ እለፍ» መባባል ግድ ነው። ልብሱን የሚያይ፣ ሲደነግጥ ፊቱ መቅላቱን የሚታዘብ የለም። መናገር ከከበደው ጽፎ መላክ ይችላል። በማግስቱ ጨዋታው ሲጀመር «ትናንት የት ጠፋህ?» የሚለው ሰው ካገኘ፣ ጓደኝነት የሚባለው ነገር ተጀመረ ማለት ነው። በእርግጥ የጠቀስናቸው የተኩስ ጨዋታዎች ናቸው፤ እኛም አንወዳቸውም። የኳስና የሉዶ ጨዋታ ሞልቶ ሳለ ለሕፃን ልጅ የሚመረጡ አይደሉም።

ይህ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። ራሔል ኮወርት የተባለች ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር በጀርመን ተጫዋቾች ላይ አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ ዓይን አፋር የሆኑና ስሜታቸው በቀላሉ የሚነካ ሰዎች የኢንተርኔት ጨዋታን አዲስ ወዳጅ ለማግኘትና የቀድሞውን ለማጠንከር እንደሚጠቀሙበት አመልክታለች። ልብ ይበሉ፤ ጥናቱ ተሻሻለ ያለው በጨዋታው ውስጥ ያለውን ወዳጅነት ነው። ከማያ ገጹ ወጥቶ ቡና እስከ መጠጣት የሚደርሰው ሌላ እርምጃ ነው።

የወላጅን ነገር ካነሣን የኖርዌያዊውን የማትስ ስቴንን ታሪክ ማለፍ አንችልም። ማትስ ጡንቻን እያደከመ በሚሄድ፣ ከልጅነት በሚጀምር በሽታ ተይዞ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የኖረ ወጣት ነበር። ዎርልድ ኦቭ ዋርክራፍት በተባለው ጨዋታ ለዓመታት ሲጫወት ወላጆቹ ልጃችን ብቸኛ ነው እያሉ ያዝኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014፣ በ25 ዓመቱ ሲሞት፣ አባቱ ሞቱን ልጁ ይጽፍበት በነበረው ገጽ ላይ አሳወቀ። ያን ጊዜ ከየአገሩ የሐዘን ደብዳቤ ጎረፈ፤ አንዳንዶቹ የጨዋታ ጓደኞቹም ከሌሎች የአውሮፓ አገሮች ለቀብሩ መጡ። ከክፍሉ መውጣት የሚከብደው ልጅ የነበራትን አንዲት ዴንማርካዊት እናት ማትስ በጨዋታው ውስጥ ከልጇ ጋር እንድትገናኝ መክሯት ነበር። እናትና ልጅ መጀመሪያ የተቃቀፉትም እዚያው በጨዋታው ውስጥ ነው። ይህ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2024 በዘጋቢ ፊልም ቀርቧል። ያ አባትና ያቺ እናት ልጃቸውን አይወዱም ነበር የሚል የለም፤ ከማን ጋር እንደሚጫወት አልጠየቁትም እንጂ።

ወደ ሴት ልጅዎ እንመለስ። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2015 ከ13 እስከ 17 ዓመት ስላሉ የአገሩ ልጆች ባወጣው ዘገባ፣ በኢንተርኔት አዲስ ጓደኛ ካገኙት ወንዶች 57 ከመቶው በጨዋታ ማግኘታቸውን ሲናገሩ ከሴቶቹ ግን 13 ከመቶው ብቻ ናቸው። በአሜሪካ ይህ ከሆነ በእኛ ቤት ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ስልኩ የወንድምየው ነው። እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውኃ ትቀዳለች፣ ወጥ ትሠራለች፣ ቡና ታፈላለች። ጨዋታ የሚያስፈልጋት ዝምተኛዋ እሷ ሆና ሳለ ጊዜው የተሰጠው ለሌላው ነው። ሥራውን ለሁለቱ ያካፍሉ፤ ስልኩንም እንዲሁ።

የሚያሰጋም ነገር አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች መዘርዝር ውስጥ ከቁጥጥር የወጣ ጨዋታን አስገብቶታል፤ ትምህርትና እንቅልፍ ሲበላሽ እያየ ማቆም ያቃተው ልጅ ምክር ያስፈልገዋል። በጨዋታ ብቻ ለሚያውቁት ሰው ፎቶግራፍ መላክ፣ ገንዘብ መስጠት ወይም ብቻን ሄዶ መገናኘት ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት። የፓኬጁ ወጪም የዋዛ አይደለም። ደግሞም መስመሩ ይቋረጣል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ በኢንተርኔት ብቻ የተያዘ ወዳጅነት አብሮ ነበር የተቋረጠው።

በዚህ ምክንያት እኛ የምንመርጠው ጨዋታው በአካል ከሚገኝ ሰው ጋር ቢጀመር ነው። ሉዶን በአንድ ስልክ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ ለአራት ሆኖ መጫወት ይቻላል። ስልክ ከሌለ ደግሞ ገበጣ አለ። ተከራዩ ልጅዎ ከጎረቤት ክፍል ካለው ተማሪ ጋር አንድ ዙር ከተጫወተ፣ በኋላ በኢንተርኔት ቢቀጥሉ የሚያውቀው ሰው ነው።

በመጪው ገበያ ስንቁን ሲያደርሱለት «ስልክህን ጣል» ከማለትዎ በፊት ትንሽ አጠገቡ ይቀመጡና ያጫውትዎ። ተራዎ ሲደርስ ይሳሳቱ፤ ያርምዎታል። አብረውት የሚጫወቱትን ልጆች በስማቸው እየጠራ እንዲነግርዎም ይጠይቁት፤ የሚነግርዎ ስም ካለ ለዚያም ልጅ የሚሆን እንጀራ ለሚቀጥለው ሳምንት ይጨምሩ።