«ዴሊቨሪ በነጻ» ሸሕዲ ሲደርስ ማን ይከፍለዋል?



ዒድ ሲቃረብ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚለቀቁት የአባያ፣ የጀለቢያና የሂጃብ ማስታወቂያዎች አብዛኞቹ ተመሳሳይ መዝጊያ አላቸው፦ «አዲስ አበባ ዴሊቨሪ በነጻ፤ ለክፍለ ሀገር በመኪና እንልካለን»። ሸሕዲ ላይ ሆኖ ስልኩን ለሚከፍት ሰው ቀድማ ዓይኑ ውስጥ የምትገባው «በነጻ» የምትለው ቃል ናት። እሱን የምትመለከተው ግን ሁለተኛዋ ሐረግ ናት። በዚህ ጽሑፍ ከሁለቱ ሐረጎች መካከል የሸሕዲ ሸማች ሳያውቀው የሚከፍለውን ገንዘብ እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ገበያው ወደ ስልክ የዞረበትን ምክንያት እናስታውስ። የምዕራብ ጎንደር ቆላ ለረጅም ዘመን ፊቱ ወደ መተማ ዮሐንስና ወደ ገላባት ነበር። ቶቡም፣ ሽቶውም፣ ጀለቢያውም ከዚያው ከማዶ ይመጣ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ በዚያ በር ከዕቃ ይልቅ ስደተኛ ሲገባ አይተናል። በዚያው ዓመት ማብቂያ በክልላችን የተነሳው ግጭትም መንገዱን አስጨናቂ፣ የሞባይል ዳታውንም ለወራት የማይገኝ አድርጎት ነበር። ዳታው ሲመለስ ብዙ ሰው ዕቃ መምረጥ የጀመረው በስልኩ ነው። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርም ክፍያውን አቅልሎታል። ገንዘብ በደቂቃ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ዕቃው ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጎንደር ከገባ በኋላ በአዘዞ፣ በአይከልና በነጋዴ ባሕር በኩል ገና ወደ ሸሕዲ ይወርዳል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የቀድሞ መምህራን ስለሆንን ነገሩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደሚጻፍ ምሳሌ እናቅርበው። አንድ ነጋዴ አባያ በ2,500 ብር ገዛ እንበል። 300 ብር ማትረፍ ይፈልጋል። ለሞተረኛው ደግሞ 200 ብር ይከፍላል። ስለዚህ «3,000 ብር፣ ዴሊቨሪ በነጻ» ብሎ ይለጥፋል። የአዲስ አበባዋ እህት 3,000 ብር ከፍላ ቤቷ ድረስ ይመጣላታል። የሞተረኛው 200 ብር ከዋጋው ውስጥ ስለሆነ የከፈለችው እሷው ናት፤ ቢሆንም የከፈለችበትን አገልግሎት አግኝታለች።

የሸሕዲዋ እህትስ? እሷም የምትጠየቀው ያንኑ 3,000 ብር ነው። በዚያ ላይ የመኪና መላኪያ 250 ብር ብንል 3,250 ብር ትከፍላለች። ቤቷ ያልመጣው ሞተረኛ 200 ብር ግን ከሒሳቧ አልወጣም። ማጓጓዣ ሁለት ጊዜ ከፍላለች፤ አንዱን ለአዲስ አበባ ሞተር፣ አንዱን ለራሷ መኪና። ማስታወቂያው ላይ «ነጻ» የሚል ቃል ያነበበችው ይህችው እህት ናት።

ልዩነቱ በዚህ አያበቃም። አዲስ አበባ ያለው ገዢ ብዙ ጊዜ ዕቃውን ዓይቶ ይከፍላል። ከክፍለ ሀገር የሚገዛው ቅድሚያ እንዲልክ ይጠየቃል። መጠኑ አልሆን ቢል አዲስ አበባ ያለው በዚያው ሞተረኛ ይመልሳል። የሸሕዲው መመለሻውንም ከኪሱ ከፍሎ፣ ሹፌር ወይም ረዳት ለምኖ፣ ዒዱ ሳያልፍ ይደርስ እንደሆነ እየተጨነቀ ይጠብቃል። ብዙዎችም ይተዉትና ልብሱ ሳጥን ውስጥ ይቀራል።

ሌላው መንገድ «ከ5,000 ብር በላይ ለገዛ መላኪያ በነጻ» የሚለው ነው። ይህ ለክፍለ ሀገር ገዢም ስለሚቀርብ ሚዛናዊ ይመስላል። የ4,200 ብር ዕቃ የመረጠ ሰው 300 ብር መላኪያ ላለመክፈል የ900 ብር ሻርፕ ይጨምራል። ሻርፑን ሳይጨምር ቢገዛ ወጪው 4,500 ብር ነበር፤ ጨምሮ 5,100 ብር ከፈለ። 300 ብር አተረፍኩ ሲል ላላሰበው ዕቃ 600 ብር ተጨማሪ አውጥቷል።

ይህ ስልት እኛ ዘንድ የተጀመረ አይደለም። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2002 ከተወሰነ ዶላር በላይ ለገዛ ሰው መላኪያውን በነጻ ማድረግ ጀመረ፤ በ2005 ደግሞ በዓመት 79 ዶላር አስቀድሞ ለሚከፍል ደንበኛ «ፕራይም» የተባለውን አገልግሎት አመጣ። ፈረንሳይ ትናንሽ የመጻሕፍት መደብሮቿን ለመጠበቅ በ2014 መጽሐፍን በነጻ መላክን በሕግ ስትከለክል ኩባንያው መላኪያውን 1 ሳንቲም አደረገው። አገሪቱ በ2023 ተመልሳ ከ35 ዩሮ በታች ለሆነ የመጽሐፍ ግዢ ቢያንስ 3 ዩሮ እንዲከፈል ወሰነች። ዜሮ የምትባለው ዋጋ ገዢን የመሳብ ኃይሏ ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የእኛ አባቶች ማጓጓዣ ዋጋ እንዳለው ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። አሞሌ ጨው ከአፋር እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። በጎንደርና በመተማ መካከል ይመላለሱ የነበሩት የጀበርቲ ነጋዴዎችም የበቅሎውን፣ የኬላውንና የመንገዱን ወጪ ደምረው ነው ዋጋ የሚቆርጡት። መንገዱን በነጻ መጣሁት የሚል ነጋዴ ቢመጣ ማንም አያምነውም ነበር።

በዲናችን ሻጭ የማድረሻውን ወጪ በራሱ ላይ መውሰዱ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም መልካም አያያዝ ነው። ዋጋውንም በሁለት ወገን ስምምነት መቁረጥ ይችላል። ጥያቄው ያለው በመደበቁ ላይ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ የእህል ክምር አልፈው እጃቸውን ሲያስገቡ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ስላገኙት ሰው ታሪኩን ሁላችንም ተምረነዋል። ባለቤቱ የተወቀሰው ዝናብ ስለመታው ሳይሆን እርጥቡን ከላይ አድርጎ ለገዢ ስላላሳየ ነው። ዋጋ ውስጥ የገባን ወጪ «ስጦታ ነው» ብሎ መጥራት ከዚህ ምን ያህል እንደሚርቅ ሙስሊም ነጋዴዎቻችን ራሳቸውን ይጠይቁ፤ ዝርዝር ብይኑን ለዑለሞቻችን እንተዋለን። በአገራችንም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ገዢዎች ገንዘብ ከመላካችን በፊት «ሸሕዲ እጄ እስኪገባ ጠቅላላው ስንት ነው? ካልሆነኝ መመለሻው በማን ነው?» ብለን መልሱን በጽሑፍ እንያዝ። «የአዲስ አበባው ሞተር እኔ ጋ ስለማይመጣ የእሱ ይቀነስልኝ» ማለትም መብታችን ነው። ጎረቤታሞች ከአንድ ሱቅ ተሰባስበን ብናዝ የመኪናውን ሒሳብ እንካፈላለን። ነጋዴዎችም ሁለት ዋጋ ይጻፉልን፤ የዕቃው ይህን ያህል፣ የማድረሻው ይህን ያህል።

በመጨረሻም ስልኩ ላይ ያለውን ዋጋ ከሸሕዲው ሱቅ ጋር ስናወዳድር ሙሉውን ሒሳብ ይዘን ይሁን። የሱቁ ዋጋ ውድ መስሎ የሚታየን የመኪናው ወጪ አስቀድሞ ስለተደመረበት ነው። እዚያ ጨርቁን ዳስሰን፣ ለክተን እንገዛለን፤ ሰሊጡ እስኪሸጥም በዱቤ የሚታገሰን ያው የሠፈራችን ባለሱቅ ነው። በማናውቀው «ነጻ» ምክንያት እሱ ሱቁን ቢዘጋ፣ በክፉ ቀን ዱቤ የሚሰጠን የቴሌግራም ቻናል አናገኝም።

ወላሁ አዕለም።