ቅዝቃዜው ከማሳ ይጀምር

የአትክልትና ፍራፍሬ ብልሽት በተነሳ ቁጥር ብዙዎቻችን ቀድመን የምንጠይቀው ዘመናዊ ማጓጓዣ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ማጓጓዣው የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ማወቅ ይገባል።

በአሜሪካ የባቡር ሐዲዶች ላይ ለአሥርት ዓመታት ያገለገሉ ሙቀትና ብርድ የማያስገቡ ፉርጎዎች ጥሩ ማሳያ ናቸው። ግድግዳቸውና ጣሪያቸው ሙቀት በማያሳልፍ ቁስ የተሞላ ነው፤ በራቸውም ግጥም ብሎ ይዘጋል። የታሸገ ምግብና ቢራ በሐሩር ወራት እንዳይሞቅ፣ በብርድ ወራትም በረዶ እንዳይሆን ይጠብቃሉ። ማቀዝቀዣ ሞተር ግን የላቸውም። ቀዝቅዞ የገባውን እንደቀዘቀዘ፣ ሞቆ የገባውንም እንደሞቀ ያቆያሉ።

ለእኛ ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። ፍሬ ከተቀጠፈ በኋላም ይተነፍሳል፤ ሙቀትም ያመነጫል። በቀትር የተለቀመ ቲማቲም ሳይበርድ በተዘጋ ፉርጎ ቢጫን ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ምርቱ በመንገድ ይበላሻል። ኪሳራውም ዞሮ አርሶ አደሩ ላይ ይወድቃል። ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት የሚሰጠው፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርም ቢሆን ማሳ ላይ የተጎዳን ምርት አያድንም።

ስለዚህ አርሶ አደሩ በማለዳ ይልቀም፤ የለቀመውንም ወዲያው ጥላ ያስገባ። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም ፉርጎ እስኪመጣ ሳይጠብቁ፣ በየቀበሌው ጥላና ነፋሻ አየር ያለው የምርት መሰብሰቢያ በዘንድሮ ዕቅዳቸው ያካትቱ። ለጅምሩ እንጨት፣ ሣርና የጋራ ጉልበት ይበቃል። የወራት ልፋት በአንድ ቀን ፀሐይ ሊባክን አይገባም።