«ለጊዜው ያዝልኝ»

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ልጆቼን ከኋላ ጭኜ ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት ስወርድ መንገዱ ተዘጋጋ። ቆመን ሳለ ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ ማደያ ማደያ ይሸተኛል» አለች። ከፊታችን ያለው ሚኒባስ ነው ብዬ ችላ አልኳት። ትንሽ ቆይቶ ለእኔም ሸተተኝ። ሞተሩን አጥፍቼ፣ ልጆቹን አውርጄ ኮፈኑን ስከፍት ቤንዚን ከአንድ መገጣጠሚያ ጠብ ጠብ ይላል። ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ የጋለው የጭስ መውጫ ቱቦ አለ።

ያችን መገጣጠሚያ አውቃታለሁ። ከሦስት ወር በፊት ያሠራኋት እኔው ነኝ። የብረቱ ቱቦ ዝጎ ማንጠባጠብ ሲጀምር መካኒኩ «ጋሼ፣ መስመሩ ቢቀየር ይሻላል» ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ ቸኩዬ ነበር። «ለጊዜው ያዝልኝ» አልኩት። የዛገውን ቆርጦ ጣለና በቀረው ቱቦ ላይ በሽቦ የተጠለፈ፣ የሚያብረቀርቅ ጎማ አጥልቆ በፋሼታ አሰረው። ሲያዩት ያምራል። ከበፊቱ የጠነከረ መስሎኝ ከፍዬ ወጣሁ።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ «ለጊዜው» ነው። ጉዳዩ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከመካኒኬ ጋር ተነጋግሬ ዝም እል ነበር።

ለማያውቀው ላስረዳ። ቤንዚን ከሰርባቶዮው እስከ ሞተሩ የሚመጣው በመኪናው ወለል ሥር በተዘረጋ የብረት ቱቦ ነው። ሞተር ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ ቱቦው ከሞተሩ ጋር ድርቅ ብሎ ቢታሰር ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መጨረሻው ላይ ተጣጣፊ ጎማ ይገባል። ጣጣው ያለው ብረቱና ጎማው በሚገናኙባት ቦታ ላይ ነው። ፋብሪካው ለጎማ የሚያዘጋጀውን የብረት ጫፍ ዙሪያውን ትንሽ ጉብ የሚያደርገው ጎማው ተንሸራቶ እንዳይወጣ ነው። ቱቦው በመጋዝ ሲቆረጥ ያ ጉብታ አብሮ ይጣላል። ከዚያ በኋላ ጎማውን የያዘው ፋሼታው ብቻ ነው።

ይህ ዘዴ ድሮ ያስኬድ ነበር። በካርቡራተር የሚሠሩ መኪኖች የቤንዚን ግፊታቸው በአብዛኛው ከግማሽ ባር አያልፍም። ኢንጀክሽን ያላቸው ግን ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 4 ባር ይደርሳሉ። የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው እንኳ ወደ 2.2 ባር አካባቢ ነው። ያንን ያህል ግፊት ለስላሳ ቱቦ ላይ በተጠለቀ ጎማ እንይዛለን ማለት ራስን ማታለል ነው።

የሽቦው ጠለፋም ያሳስታል። ሽቦው ጎማውን ከመፋቅና ከመፈንዳት ይጠብቀዋል፤ መገጣጠሚያውን ግን አይዝም። እንዲያውም ፋሼታ በሽቦው ላይ ሲጠብቅ የውስጡን ጎማ ዙሪያውን እኩል አይጨብጠውም። ለውሃ የተሠራ ባለ ሽቦ ጎማም ከላይ ሲያዩት ያው ነው፤ ውስጡ ግን ለቤንዚን አልተሠራም።

ትክክለኛው አሠራር የሚታወቅ ነው። የብረቱ ጫፍ በማስፊያ መሣሪያ እንደ መለከት አፍ ይሰፋል፤ ከኋላው ቀለበትና ዳዶ ይገባለታል፤ ለዚያው ጎማ ከተሠራ የጫፍ መጋጠሚያ ጋር በጥርስ ይታሰራል። እዚህም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የእነዚህ ባለ ሽቦ ጎማዎች መጋጠሚያ በአብዛኛው የሚሠራው ለ37 ዲግሪ ነው፤ በመኪና ሥራ የተለመደው የማስፊያ መሣሪያ ደግሞ 45 ዲግሪ ያወጣል። በአንዳንድ መጠኖች ጥርሳቸው ስለሚገጥም የጠበቀ ይመስላል፤ አፉ ግን ስላልገጠመ ያፈሳል። በፋሼታ መታሰሩ ግድ ከሆነም የብረቱ ጫፍ ጉብታ ይውጣለት፣ ጎማው የኢንጀክሽን ግፊት የሚችል ይሁን፣ ፋሼታውም ከጉብታው ኋላ ይታሰር።

ይህን አሁን የማነሳው በምክንያት ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪና መምጣቱን አልቃወምም። ነገር ግን ቤንዚን የሚጠጡት አሮጌዎቹ በአንድ ቀን ከመንገድ አይወጡም። እንደውም ምትክ ሲጠፋ ዕድሜያቸው ይረዝማል፤ ቱቧቸው ይዝጋል፣ ጎማቸው ይደርቃል። አሮጌ መኪና ይዘን እንድንቆይ ያደረገ ፖሊሲ አሮጌ መኪና እንዴት በደህና እንደሚጠገንም ሊያስብበት ይገባል።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? መካኒኩ ላይ መፍረድ ይቀላል። እሱ ግን የሚሻለውን ነግሮኛል፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ማስፊያ መሣሪያ የለውም፤ ከሶማሌ ተራ የሚገዛው ዕቃም ለምን እንደተሠራ ላይጻፍበት ይችላል። ቢሆንም «ይህን እንዲህ አድርጌ አልሠራም» ማለት የሙያው ክብር ነበር። እኔ ዓመታዊ ምርመራ በሄድኩባቸው ጊዜያት ደግሞ ፍሬን ታይቷል፣ መብራት ታይቷል፣ የእሳት ማጥፊያዬ ተጠይቋል። የቤንዚን መስመሬን ጎንበስ ብሎ ያየ ግን አላጋጠመኝም። እሳት ማጥፊያውን ጠይቀን የእሳቱን መነሻ ዘለልነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የቦሎ ምርመራ ላይ ሞተሩ እየሠራ የቤንዚን መገጣጠሚያዎች ይታዩ፤ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። ጋራዦች በእጅ የሚሠራ አንድ ማስፊያ መሣሪያ ተዋጥተውም ቢሆን ይግዙ። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ይህችን መገጣጠሚያ ለተማሪው በእጁ ያሠሩት።

እኛ ባለመኪኖችስ? ቤንዚን ከሸተተን ሞተር እናጥፋ፣ ሰው እናውርድ፣ መልሰን አናስነሳ። ጥገና ካለቀ በኋላ ሞተሩ እየሠራ መገጣጠሚያውን በባትሪ እንይ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሲበርድ ደግሞ በደረቅ ሶፍት እንጥረገው፤ ከሳምንት በኋላም እንድገመው። ከሁሉ በላይ መካኒኩ «ይቀየር» ሲል እንስማው።

የእኔ መስመር ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሙሉ በሙሉ ተቀይሯል። የከፈልኩት ገንዘብ ቆጭቶኝ ነበር። አሁን ልጄ ከኋላ ተቀምጣ «አባዬ፣ ዛሬ አይሸትም» ስትለኝ ይረሳኛል።