የማይሞላ ጉድጓድ

አርባ ምንጭ ውስጥ ባለቤቶች ስለ መጸዳጃ ጉድጓዳቸው በኩራት የሚናገሩት ነገር አለ፦ «ይኸው ስንት ዓመቱ፣ ሞልቶ አያውቅም!» እኔ ግንበኛ ነኝ። በከተማዋ ላይኛው ሰፈር በሴቻ መሠረትም የሴፕቲክ ጉድጓድም ሳስቆፍር ኖሬያለሁ፤ ይህን ንግግር በሰማሁ ቁጥር ስጋት ይገባኛል። የገባው ሁሉ የት ሄደ?

መልሱ ያለው ድንጋዩ ውስጥ ነው። ጥቁር ድንጋይ የምንለው ባዛልት ወፍራም ላቫ ውስጥ ውስጡን ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ የተሠራ ነው፤ ማዕድኖቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው ስለሚጠነክሩ በመካከላቸው ክፍተት አይተርፍም። ደህናውን በመዶሻ ሲመቱት ይጮኻል፤ ውሃ ጠብ ቢያደርጉበት እዚያው ላዩ ላይ ይቀራል። ቀይ አሽ ግን ጋዝ እየተፋ የወጣ ነው። የአረፋው ቦታ እንዳለ ስለቀረ ውሃ ሲያፈሱበት ይምገዋል። ለብሎኬት የሚሆነው ፑሚስ ደግሞ አብዛኛው አካሉ ቀዳዳ ሆኖ ሳለ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ውሃው ቀዳዳዎቹን ቶሎ ስለማይሞላቸው አየሩ ታስሮ ይቀራልና። ዋልካ አፈርም ብዙ ውሃ ይይዛል፣ ነገር ግን መተላለፊያው እጅግ ጠባብ ስለሆነ አያሳልፍም። ስለዚህ ቀዳዳ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ቀዳዳው ከቀዳዳ በሰፊ መተላለፊያ መገናኘት አለበት።

ታዲያ ያ ድፍን ጥቁር ድንጋይ ውሃ ካላሳለፈ ጉድጓዳችን ለምን አይሞላም? ላቫ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። እኛ ያለንበት ደግሞ ስምጥ ሸለቆ ነው፤ መሬቱ ሲለጠጥና ሲሰምጥ ስለኖረ ዓለቱ ይበልጥ ተሰባብሯል። ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ግርጌውን ያየ ሰው ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያገኛል። አንድ በርሜል ውሃ ስንደፋበት ሲሚንቶው ተቦክቶ ሳያልቅ ውሃው ጠፍቶ እርጥበቱ ብቻ ይቀራል።

ከተማችን ስሟን ያገኘችው በዚሁ ስንጥቅ ነው። የጋሞ ደጋ፣ የነጨንቻና የነዶርዜ ዝናብ በተሰነጠቀው ዓለት ውስጥ ለውስጥ ወርዶ ከገደሉ ሥር፣ ነጭ ሳር ፓርክ ባለው ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ይፈልቃል። ከዚያ የተሳበውን ውሃ ጠጥተን ነው ያደግነው። ሴቻ ከገደሉ አናት ናት፣ ምንጮቹ ከገደሉ ሥር፤ ከጉድጓዳችን የሚሰርገው ፍሳሽም ያንኑ መንገድ ሊከተል ይችላል።

«አፈር ያጠራዋል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ጥሩ አፈርና ደቃቅ አሸዋ ፍሳሽን ያዘገያል፤ ተሕዋስያኑም ተይዘው ብዙዎቹ በጊዜ ይሞታሉ። ስንጥቅ ግን አያጣራም፣ አያዘገይምም። ካናዳ ውስጥ ዎከርተን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከባድ ዝናብ የከብት ፍግ አጥቦ በተሰነጠቀ የኖራ ድንጋይ በኩል ጥልቀት ወደሌለው የከተማው የውሃ ጉድጓድ አስገባው። 7 ሰዎች ሞቱ፣ ከ2,300 በላይ ታመሙ። ሀብታም አገር ነው፣ የክሎሪን መሣሪያም ነበራቸው፤ በአግባቡ አልተቆጣጠሩትም እንጂ።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ስንጥቅ ዓለት ላይ የሚቆፈር ሴፕቲክ ሁሉ ወለሉ ኮንክሪት፣ ግድግዳው ውሃ የማያሳልፍ ልስን ይሁን፤ ሲሞላም በመምጠጫ መኪና ይነሳ። ከተማው የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ባለሙያ ልኮ ወለሉን ያሳይ፣ ያውም ጉድጓዱ ከመከደኑ በፊት፤ ከተከደነ በኋላ ማን ያየዋል? ዩኒቨርሲቲያችን በ1979 ዓ.ም. ሲቋቋም የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር። ጉዳት የሌለው ቀለም ከላይ ስንጥቅ ውስጥ አፍስሶ ከታች በየትኛው ምንጭ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚወጣ መከታተል የታወቀ ዘዴ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከሴቻ እስከ ምንጮቹ ተማሪዎቹን አሰማርቶ ይሥራውና ውጤቱን ለሕዝብ ያሳውቅ።

ወጪው እንደሚከብድ አውቃለሁ። የወለሉን ብረትና ሲሚንቶ ስጠራ የባለቤቱ ፊት ሲለዋወጥ የማየው እኔ ነኝ፤ «ዝም ብለህ ቆፍረው፣ ራሱ ይመጠዋል» ይለኛል። ደንብ ከሌለ እኔ እምቢ ብል ሌላ ግንበኛ ይጠራል። ለዚህ ነው ጉዳዩ ለባለቤቱና ለግንበኛው ስምምነት መተው የሌለበት።