የወሎ ኦፓል በማን ጣት ላይ ይዋል? ጌጣጌጥን ለውጭ ገበያ መንደፍ

እ.ኤ.አ. በ2008 በወሎ፣ ደላንታ ወረዳ፣ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል የሀገራችንን ስም በዓለም የከበሩ ድንጋዮች ገበያ አስጠርቷል። ይሁንና ከዚህ ድንጋይ ብዙው ሳይሞረድ ወደ ሕንድ፣ በተለይም ወደ ጃይፑር፣ እየተላከ እዚያ ተሞርዶ ለሦስተኛ ሀገር ሲሸጥ ቆይቷል። ከድንጋዩ ጋር የሞራጁ፣ የአንጥረኛውና የንድፍ ባለሙያው የድካም ዋጋ አብሮ ይወጣል። እሴት ስለመጨመር ሲነሳ ትኩረቱ ብዙውን ጊዜ በመሞረጃ ማሽንና በሥልጠና ላይ ያርፋል። ጌጡ ለማን፣ በየትኛው ሀገርና በምን ደንብ ይሸጣል የሚለው ጥያቄ ግን ንድፉ ከመጀመሩ በፊት ሊነሳ ይገባል።

ለዚህ ቀላሉ ማሳያ ወርቅ ነው። በባሕረ ሰላጤው ሀገራት ገዢው በአብዛኛው 21 ወይም 22 ካራት ይጠይቃል። ዋጋው የሚሰላው በክብደትና በዕለቱ የወርቅ ዋጋ ሲሆን የእጅ ሥራ ክፍያ ይጨመርበታል። ጌጡ ቁጠባም ስለሆነ ገዢው ነገ ሲሸጠው የሚመለስለትን ያሰላል። ከዚያ የሚመለሱ እኅቶቻችን በክንዳቸው አድርገውት የሚመጡት አምባር ይህንኑ አስተሳሰብ ያሳያል። በእንዲህ ያለ ገበያ ድንጋይ የበዛበት ጌጥ ብዙም አያዋጣም፤ መልሶ ሲሸጥ የሚመዘነው ወርቁ ነውና። በአሜሪካ በአንጻሩ የተለመደው 14 ካራት፣ ማለትም ከ1000 እጅ 585ቱ ንጹሕ ወርቅ የሆነው ነው። ይህ ቅይጥ ጠንካራ በመሆኑ ድንጋይ አጥብቆ ይይዛል። በዚያ ሀገር ልማድ ኦፓል የኦክቶበር ወር የልደት ድንጋይ በመሆኑም ገዢው ድንጋዩን ፈልጎ ይመጣል።

የብር ጉዳይ ከዚህ ይልቅ ለእኛ ቅርብና አሳሳቢ ነው። የቀድሞ አንጥረኞቻችን መስቀሉንና ድሪውን ከማርትሬዛ ብር አቅልጠው ሠርተዋል። የማርትሬዛ ንጽሕና ከ1000 እጅ 833 ገደማ ነው። በአሜሪካ አንድ ዕቃ ያለ ማብራሪያ «ብር» ተብሎ እንዲሸጥ 925 መድረስ ይጠበቅበታል፤ ስለዚህ ከማርትሬዛ የተሠራ ውብ መስቀል በዚህ ስም ሊቀርብ አይችልም። በብሪታንያ ደግሞ ዝቅተኛው እርከን 800 በመሆኑ ያው መስቀል ይቀበሉታል፤ ነገር ግን ከ7.78 ግራም በላይ የሚመዝን የብር ጌጥ በተፈቀደለት የፍተሻ ተቋም ተመርምሮ ማኅተም ካልተመታበት በብርነት አይሸጥም። ንድፍ አውጪው ለማኅተሙ የሚሆን ጠፍጣፋ ቦታ ካላስቀረ፣ በቀጭን ሽቦ የተሸመነው ሥራ ሊጎዳ ይችላል።

በአውሮፓ ኅብረት ገዢ የማያያቸው መስፈርቶች አሉ። ቆዳን የሚነካ ጌጥ በሳምንት ከአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከ0.5 ማይክሮ ግራም በላይ ኒኬል እንዲለቅ አይፈቀድም፤ በተበሳ ጆሮ ውስጥ ለሚገባው ዘንግ ወሰኑ 0.2 ነው። ካድሚየም በክብደት ከመቶ 0.01 እንዳይበልጥ የተገደበ በመሆኑም በብየዳ የሚገባው ቅይጥ ጭምር መታወቅ አለበት።

ወደ ኦፓሉ ስንመለስ፣ የወሎው ድንጋይ ውሃ የመምጠጥ ባሕርይ አለው። ሲርስ መስታወት መስሎ ይገረጣል፣ የቀለም ጨዋታውም ይጠፋል። ቀስ ብሎ ሲደርቅ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ዘይትና ማቅለሚያ ከገባበት ግን ጉዳቱ ሊዘልቅ ይችላል። ጥንካሬውም በሞህስ መለኪያ ከ5.5 እስከ 6.5 ብቻ ነው። ስለሆነም ዕለት ተዕለት እጅ ለሚታጠብበት ቀለበት ሳይሆን ለጉትቻና ለሐብል ይበልጥ ይስማማል። ቀለበት ካስፈለገም በጥፍር ብቻ ከመያዝ ይልቅ ዙሪያውን በብረት ማቀፍ ይመረጣል። ይህን ያልተነገራት ገዢ ዕቃ ስታጥብ ድንጋዩ ሲገረጥ ብታይ የተታለለች ይመስላታል፤ ቅሬታዋም በሻጩ ብቻ ሳይወሰን «የኢትዮጵያ ኦፓል» በሚለው ስም ላይ ያርፋል። በጭስ ወይም በቀለም የጠቆረ ድንጋይን እንደ ተፈጥሯዊ ጥቁር ኦፓል መሸጥ ደግሞ ከቅሬታ አልፎ በሕግ ያስጠይቃል።

ሦስትና አራት ሠራተኛ ያለው አውደ ጥናት እነዚህን ሁሉ ገበያዎች በአንድ ጊዜ ለማዳረስ መሞከሩ አዋጭ አይመስልም። የጣት ልክ እንኳ በአሜሪካ በቁጥር፣ በብሪታንያ በፊደል፣ በብዙ የአውሮፓ ሀገራት በሚሊ ሜትር ይለካል። በጽሑፉ አቅራቢ እምነት፣ በ925 ብር የተሠራ የኦፓል ጉትቻና ሐብል ለአሜሪካ ገበያ ማቅረብ የተሻለ መነሻ ነው፦ የልክ ጣጣ የለበትም፣ ለድንጋዩ ይስማማል፣ በዚያ የሚኖረው ወገናችንም የመጀመሪያው ገዢ ሊሆን ይችላል። ከእያንዳንዱ ጌጥ ጋር ስለ ውሃው የሚያስጠነቅቅ አጭር ወረቀት ይኑር።