የአክስቴ ዱቄትና የብልቃጡ ቁጥር

ባለፈው እሁድ አክስቴ ስልኳን ይዛ መጣችና «እስቲ አንተ ላብራቶሪ የሠራህ ልጅ፣ ይህን እይልኝ» አለችኝ። ቴሌግራም ላይ የሚሸጥ አረንጓዴ ዱቄት ነው። «ከፍተኛ ፀረ-ኦክሲዳንት፣ በላብራቶሪ የተረጋገጠ» ይላል። ከሥሩ በጥቁር መደብ ላይ አረንጓዴ የሚያበሩ ሴሎች ፎቶ፣ አጠገቡ ደግሞ «ኦራክ» የሚባል ትልቅ ቁጥር አለ። አክስቴ ስኳር አለባት። ዱቄቱን ስትጀምር ኪኒኗን ልትተው አስባለች። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው።

ፎቶው የግድ ውሸት አይደለም። እኔም ተማሪ እያለሁ እንዲህ ዓይነት ፎቶ አንስቻለሁ። ሴሎቻችን ኦክስጅን ሲጠቀሙ ኦክሲዳንቶች ይፈጠራሉ። ሲበዙ ስብን፣ ፕሮቲንንና ዲኤንኤን ይጎዳሉ። በዓይን ስለማይታዩ ሴሉ ውስጥ የማያበራ ኬሚካል እናስገባለን፤ ኦክሲዳንት ሲያገኘው አረንጓዴ ያበራል።

ችግሩ ኬሚካሉ በሌላ ምክንያትም ማብራቱ ነው። የማይክሮስኮፑ ብርሃን ብቻውን ሊያበራው ይችላል። ሴሉ ውስጥ ያለው የብረት ንጥረ ነገርም ውጤቱን ይለውጠዋል። ስለዚህ የመስኩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 «ኔቸር ሜታቦሊዝም» ላይ ባወጡት መመሪያ፣ ተመራማሪ የትኛውን ኦክሲዳንት እንደለካ ለይቶ እንዲናገርና እንዲህ ያሉትን ኬሚካሎች በጥንቃቄ እንዲጠቀም አሳስበዋል። ባለሙያው እንኳ የሚጠነቀቅለትን ፎቶ ነጋዴው ማስረጃ ብሎ ይለጥፈዋል!

ቁጥሩስ? ኦራክ የሚለካው በብልቃጥ ነው። ፍሎረሰሲን የሚባል የሚያበራ ቀለም ላይ ኦክሲዳንት ይለቀቅበታል፤ የምትፈትነው ነገር ቀለሙ ቶሎ እንዳይደበዝዝ ባደረገ መጠን ቁጥሩ ይጨምራል። ብልቃጥ ግን ሆድ የለውም፣ ጉበት የለውም። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የምግቦችን የኦራክ ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ አውጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን አነሳው፤ ቁጥሮቹ በሰው አካል ላይ የሚኖረውን ውጤት እንደማያሳዩና ሻጮች ያለ አግባብ እየተጠቀሙባቸው እንደሆነ ገልጾ።

በሰው ላይ ሲሞከር ነገሩ ሊገለበጥም ይችላል። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች በተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ጥናት፣ ፀረ-ኦክሲዳንት የሆነውን ቤታ ካሮቲን በኪኒን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል።

ጎመንና ፍራፍሬ አትብሉ እያልኩ አይደለም፤ ብሉ። የምለው፣ «በላብራቶሪ የተረጋገጠ» የሚል ስታዩ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ በብልቃጥ ነው በሰው? ሻጩ መልስ ከሌለው፣ ያላችሁ ማስታወቂያ ብቻ ነው። ይህን ጥያቄ ለቤተሰብም አስተምሩ። እናቶቻችንና አክስቶቻችን ስልካቸውን አምጥተው የሚያሳዩን ስለሚያምኑን ነውና «ተይው ባክሽ» ብለን አንለፋቸው።

አክስቴ ዱቄቱን ሳትገዛ ቀረች ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ገዝታዋለች። ኪኒኗን ግን አልተወችም።